ወይፈን ብቻውን አይጠመድም



ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ የአንድ አባት ጥያቄ ነው። በዳንግላ ከተማ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ ለረጅም ዓመታት የማውቃቸው እኚህ አባት የጁምዓ ሶላት ሰግደን ከመስጊድ ስንወጣ ክንዴን ያዝ አድርገው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። «መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ። «ልጄ ማስተማሩን ልተወው ትለኛለች። ሥራ ከያዘች ገና አራት ወሯ ነው። ሱቅ ውስጥ ልቀመጥልህ እንጂ ወደዚያ አትመልሰኝ ብላ ታለቅሳለች። እንዲያው ኢማኗ ደክሞ ይሆን?»

ልጅቱን አውቃታለሁ። በእንጅባራ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ተምራ ስትመረቅ ቤተሰቡ ካዘጋጀው ድግስ ከቀመሱት አንዱ ነበርኩ። የተመደበችው ከአስፋልቱ ርቆ በሚገኝ የገጠር ትምህርት ቤት ነው። የአዊን ደጋ የሚያውቅ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ጧት ጉሙ ከቀርከሃው ላይ ሳይነሳ፣ ብርዱ ጣት ሲያደነዝዝ፣ ከየጎጡ የመጡ 60 ሕፃናት በአንድ ክፍል ተሰብስበው ይጠብቋታል። እነርሱ አፋቸውን የፈቱት በአገውኛ ነው፤ እርሷ ደግሞ ከተማ ውስጥ በአማርኛ ያደገች ናት፤ አገውኛውን የምታውቀው ሱቅ ለሱቅ ስትላላክ በለቃቀመችው መጠን ብቻ ነው። ከሱብሒ በፊት ተነስታ ታዘጋጃለች፤ ከዒሻ በኋላ በኩራዝ ደብተር ታርማለች። ምግብ አይበላላትም። እንቅልፍ ሲወስዳት ልጆቹ በሕልሟ ይንጫጫሉ። «ባባ፣ ልጆቹን ጠላኋቸው፤ ራሴንም ጠላሁት» ብላቸዋለች።

አንባቢ ሆይ! አባትየው የጠየቁኝ ጥያቄ ቀላል አይምሰልህ። በብዙ ቤት ውስጥ፣ በየመሥሪያ ቤቱም ያለ ጥያቄ ነው። ሰው መልካም ሥራ ላይ ተሰማርቶ ሲደክም፣ ድካሙም ሥራውን እስከ መጥላት ሲያደርሰው፣ ጥፋቱ የማን ነው? የእርሱ የልብ ድክመት ነው? የሥራው ነው? ወይስ በዙሪያው ያለነው የሁላችን?

መድከም ወንጀል ነውን?

በመጀመሪያ የነገሩን ምንነት እንወቅ። ድካም ሁሉ አንድ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ያረሰ ገበሬ ማታ ይደክመዋል፤ ተኝቶ ሲነሳ ግን ጉልበቱ ይመለሳል። እኔ እዚህ የምናገረው በእንቅልፍ ስለማይወጣው ድካም ነው፤ ዝለት እንበለው። ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቦና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1974 ስለዚህ ነገር ጽፏል። በኒውዮርክ ከተማ ድሆችን በነፃ በሚያክም ክሊኒክ ውስጥ በበጎ ፈቃድ ያገለግል ነበር። ልብ ብሎ ያየው ነገር ቢኖር ቶሎ የሚዝሉት ሰነፎቹ ሳይሆኑ ከሁሉ በላይ ራሳቸውን የሰጡት መሆናቸውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ይህ ዝለት በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ጫና የሚመጣ መሆኑን ገልጾ ሦስት ምልክቶቹን አስቀምጧል። አንደኛው የጉልበት መሟጠጥ ነው። ሁለተኛው ልብ ከሥራው መራቁ፣ ሥራውን መጥላትና ማናናቅ ነው። ሦስተኛው ምንም አልሠራሁም፣ ምንም አልረባም የሚል ስሜት ነው። ድርጅቱ በሽታ ነው አላለም፤ ከሥራ ሁኔታ የሚመጣ ክስተት ነው ነው ያለው።

አሁን የልጅቱን ቃል አስታውስ። ምግብና እንቅልፍ አጣች፤ ልጆቹን ጠላች፤ ራሷንም ጠላች። ሦስቱም ምልክቶች አሉ። እንግዲህ ይህን ያገኘነው ልፋቷ ውስጥ ነው እንጂ ስንፍናዋ ውስጥ አይደለም። ከሱብሒ በፊት ተነስቶ የሚያዘጋጅ ሰው ሰነፍ ሊባል አይችልም።

ከእኛ ታሪክም ምሳሌ እናምጣ። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሰልማን አል-ፋሪሲንና አቡ ደርዳእን (ረ.ዐ) ወንድማማች አድርገዋቸው ነበር። ሰልማን አንድ ቀን ወንድሙን ሊጠይቅ ቢሄድ የአቡ ደርዳእን ባለቤት ተጎሳቁላ አገኛት። ምክንያቱን ቢጠይቃት ባሏ ቀን በጾም፣ ሌሊት በሶላት ተጠምዶ ለዱንያ ጉዳይ ጊዜ እንደሌለው ነገረችው። ሰልማን በዚያ ቤት ምን አደረገ? ወንድሙ ካልበላ እንደማይበላ ተናግሮ አብሮት እንዲበላ አደረገ። ሌሊት ሊነሳ ሲል እንዲተኛ ነገረው። የሌሊቱ መጨረሻ ሲደርስ ደግሞ ቀስቅሶት አብረው ሰገዱ። ከዚያም ጌታህ፣ ነፍስህና ቤተሰብህ ሁሉም በአንተ ላይ ሐቅ እንዳላቸው፣ ለእያንዳንዱም ሐቁን መስጠት እንዳለበት አስረዳው። ነገሩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲነገር የሰልማንን ንግግር እውነት ነው አሉ።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንማረው ስለ መካከለኛነት ነው። ሌላም ነገር አለበት፤ አቡ ደርዳእ ራሱን ያየው በራሱ ዓይን አይደለም። የደከመውም እየደከመ መሆኑን አላወቀም። ያወቀለት ቤቱ ድረስ መጥቶ አብሮት የበላና ያደረ ወንድሙ ነው። ሰልማን ከሩቅ ሆኖ «ራስህን ጠብቅ» ብሎ አልላከበትም፤ በአካል ተገኘ።

ምላሱ የተያዘው መምህር

አንድ ብልህ አንባቢ እዚህ ላይ ሊያቋርጠኝ ይችላል። «ድካም ሁሉ ከጫና ነው ወይ? አንዳንዱስ ከኒያ መበላሸት አይመጣም ወይ?» ሊለኝ ይችላል። ትክክል ነው፤ ይመጣል። የዚህም ትልቁ ምስክር ኢማም አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) ናቸው።

ኢማሙ በ484 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ1091) በባግዳድ በነበረው በታላቁ የኒዛሚያ መድረሳ መምህር ሆነው ተሾሙ። በዘመኑ ከዚያ በላይ የሚከበር የማስተማሪያ ወንበር አልነበረም። በ488 (እ.ኤ.አ. በ1095) ግን ኢማሙ ለማስተማር ቢቀመጡ ምላሳቸው አልታዘዝ አላቸው። ለተማሪዎቻቸው ሲሉ አንድ ቀን እንኳ ለማስተማር ቢታገሉም ቃል ከአፋቸው አልወጣ አለ። ምግብም አልዋጥ አላቸው። ሐኪሞቹም የችግሩ ምንጭ ልባቸው ውስጥ ስለሆነ በመድኃኒት እንደማይድን ተናገሩ። ኢማሙ ራሳቸው ይህን ሁሉ ሳይደብቁ በመጽሐፋቸው ጽፈውታል። ራሳቸውን ሲመረምሩ ያገኙት ምክንያትም የሚያስተምሩት ለአላህ ውዴታ ብቻ ሳይሆን ለዝናና ለክብር መሆኑን ነው። ባግዳድን ለቀው ወጡ። ከአሥር ዓመት በላይ ከቆዩ በኋላ በ499 (እ.ኤ.አ. በ1106) በነይሳቡር እንደገና ወደ ማስተማር ተመለሱ።

በመሆኑም መምህር የሆነ ሁሉ ራሱን መጠየቁ ተገቢ ነው። «የምደክመው ለልጆቹ ነው ወይስ ጎበዝ መምህር ናት፣ ጎበዝ መምህር ነው ለመባል?» ለመባል የሚደክም ሰው ልጅ አልገባኝም ባለው ቁጥር እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። ለልጁ የሚደክም ሰው ግን አልገባኝም የሚለውን ቃል ሥራው የሚጀምርበት ቦታ አድርጎ ያየዋል።

ይሁንና ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ የኢማሙን መድኃኒት ለሁሉም በሽተኛ አንዘዝ። እርሳቸው የደከሙት በወንበሩ ጫፍ ላይ ሆነው ነው፤ ይህች ልጅ የደከመችው በመሰላሉ የመጀመሪያ ርካብ ላይ ቆማ ነው። እርሳቸውን የከበበው ውዳሴ ነበር፤ እርሷን የከበበው ዝምታ ነው። 60 ልጆችና የማይገባት ቋንቋ ተሸክማ ለምትንገዳገድ ልጅ «ኒያሽን አስተካክዪ» ማለት ለተጠማ ሰው ስለ ውዱእ አደራረግ እንደ ማስተማር ነው። ነገሩ እውነት ነው፤ ጊዜው ግን አይደለም። ሁለተኛ፣ ኢማሙ ወደ ማስተማር ሲመለሱ እንኳ ብቻቸውን አልወሰኑም። ከመንግሥት በኩል ጥሪ ቢመጣላቸውም ልባቸው ንጹሕ የሆኑ ሰዎችን አማከሩ፤ እነርሱም ይመለሱ ዘንድ መከሯቸው። ያን ያህል ዕውቀት ያላቸው ሰው ምክር ከጠየቁ፣ የአራት ወር መምህር ብትጠይቅ ምን ያሳፍራል?

ነቢዩ ሙሳም (ዐ.ሰ) ወደ ፈርዖን እንዲሄዱ በታዘዙ ጊዜ የጠየቁትን እናውቃለን። ደረታቸው እንዲሰፋላቸው፣ ነገራቸው እንዲገራላቸው፣ የምላሳቸው ቋጠሮ እንዲፈታላቸው ለመኑ፤ ከዚያም ወንድማቸው ሃሩን ረዳት እንዲሆናቸው ጠየቁ። አላህም (ሱ.ወ) የለመኑትን ሰጣቸው። ረዳት መጠየቃቸው ከነቢይነታቸው ምንም አላጎደለም። እንግዲያውስ እርዳታ መጠየቅ የኢማን ድክመት ነው የሚለውን ሐሳብ ከየት አመጣነው?

«ትለምደዋለህ»

ከየት እንዳመጣነው እኔ አውቃለሁ። ከራሳችን ነው። እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ የማልኮራበትን ነገር ልናገር።

ከብዙ ዓመት በፊት በማስተምርበት ትምህርት ቤት ከሌላ አገር አንድ ወጣት መምህር ተመድቦ መጣ። ዓይን አፋር፣ ቀጭን፣ ልብሱ ሁልጊዜ የተተኮሰ ልጅ ነበር። እኛ ነባሮቹ መስከረም ላይ ክፍል ስንከፋፈል የምንሻውን ወሰድን። የተረፈው አንደኛ ክፍል ነበር፤ ከሁሉ የበዛው፣ ከሁሉ የሚንጫጫው፣ መስኮቱም የተሰበረው። ለእርሱ ሰጠነው። አዲስ ሰው ከባዱን ይዞ መጀመሩ እንደ ሥርዓት ይቆጠር ነበርና ማናችንም አላፈርንም።

አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ወደ እኔ መጣና፣ «ጋሼ፣ ልጆቹን እንዴት ነው ዝም የምታሰኛቸው? እኔ አቃተኝ» አለኝ። ጥያቄውን ለመጠየቅ ስንት ቀን እንዳሰበበት ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። ሻዬን እየጠጣሁ፣ «ትለምደዋለህ፤ እኛም እንደዚሁ ነው የለመድነው» አልኩት። ሌሎቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ሲጠይቅ አላየሁትም። የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲያልቅ ለዕረፍት እንደ ሄደ አልተመለሰም። መምህርነቱንም እንደተወው ሰማን። «አልቻለውም» ተባባልን።

ዛሬ ሳስበው ያልቻልነው እኛ ነን። ያ ልጅ ከእኔ የጠየቀው ገንዘብ አልነበረም፤ የግማሽ ሰዓት ጊዜዬን ነው። «ትለምደዋለህ» የሚለው ቃል ማጽናኛ ይመስላል። ነገር ግን ጠያቂውን ከደጅ አስቀርቶ በር የሚዘጋ ቃል ነው። በቂያማ ቀን ስለ ተማሪዎቼ እጠየቃለሁ ብዬ እፈራ ነበር፤ ስለዚያ ልጅ መጠየቄን ግን አላሰብኩም ነበር።

የአካባቢያችን ገበሬ ከእኛ ከመምህራኑ ይሻላል። ወይፈን ሲያቀና እንዴት እንደሚያደርግ ተመልከት። ከሌላ ወይፈን ጋር አያጣምደውም። ከለመደ፣ ከረጋ በሬ ጋር ያጣምደዋል። የመጀመሪያውን ቀን ጭንጫና ዳገት ላይ አያሰማራውም፤ ለስላሳ መሬት ይመርጥለታል። ሲደክም ይፈታዋል። ይህን የሚያደርገው በሬው ስላሳዘነው ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት የተሰበረ ወይፈን ዕድሜ ልኩን ቀንበር ሲያይ እንደሚደነብር ስለሚያውቅ ነው። ታዲያ ለወይፈን ያደረግነውን ለሰው ልጅ እንንፈግ?

የአገራችን የትምህርት ሥርዓትም ይህን አውቆታል። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው የመምህራን ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ማዕቀፍ መሠረት አዲስ የተመደበ መምህር ለሁለት ዓመት የሙያ ትውውቅ ፕሮግራም እንዲከታተል፣ በትምህርት ቤቱም ልምድ ያለው አማካሪ መምህር እንዲያግዘው ተደንግጓል። ነባሮቹም ቢሆኑ በየዓመቱ ቢያንስ 60 ሰዓት ሙያቸውን እንዲያሻሽሉ ይጠበቃል። በደረጃ ዕድገቱ መሰላል ላይም የመጀመሪያው ስም «ጀማሪ መምህር» ነው። ይህ ስም በራሱ ትርጉም አለው፤ ገና ያልተፈጸመ፣ ሊታገዝ የሚገባው ማለት ነው። ነገር ግን ወረቀት ብቻውን ወይፈን አያቀናም። አማካሪ ተብሎ የተመደበው ሰው ቅጹን ሞልቶ ፈርሞ ከተቀመጠ፣ አዲሷ መምህር ሁለት ዓመቱን ጨርሳ ሰነድ ይኖራታል እንጂ ጓደኛ አይኖራትም። ፊርማውም አማና ነው።

ሁሉንም ነገር በጓደኝነት እንፈታዋለን ማለቴ አይደለም። የደመወዙ ነገር፣ የቤት ኪራዩ፣ የክፍሉ መጨናነቅ ጓደኛ የሚያነሳው ሸክም አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ከተነሳው ግጭት ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል፤ ብዙ መምህራንም በስጋት ውስጥ አስተምረዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው «ሶብር አድርግ» ስንል ጥንቃቄ ያሻናል። ሶብር ታላቅ ነገር ነው። የሌላውን ኃላፊነት መሸፈኛ ክዳን ካደረግነው ግን ስሙን አበላሸነው።

ለጀማሪዋና ለጀማሪው

አንተ ወጣት መምህር፣ አንቺም ወጣት መምህርት! አሁን ለእናንተ ልናገር።

በመጀመሪያ ሸክማችሁን ቁጠሩት። 60 ልጆች፣ አምስት የትምህርት ዓይነት፤ 300 ደብተር ይሆናል። ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ብትሰጡ 600 ደቂቃ፣ ማለትም አሥር ሰዓት ሙሉ ነው። ይህን በአንድ ሌሊት እጨርሳለሁ የሚል ሰው ጽናቱን ሳይሆን ሒሳቡን ነው ያልሠራው። ከፋፍሉት። ዛሬ የአሥራ ሁለት ልጆችን፣ ነገ የሌሎች አሥራ ሁለት ልጆችን ተመልከቱ፤ በአምስት ቀን ሁሉም ይዳረሳል። አንዳንዱን ሥራ ልጆቹ እርስ በርሳቸው ይተያዩ። በደንብ የታየ አንድ ገጽ በእንቅልፍ ልብ ምልክት ከተደረገበት አሥር ገጽ ይበልጣል።

ዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ሰዎችን የሚያስተምሩት በየሐሙሱ ነበር። አንድ ሰው በየቀኑ ቢያስተምሩን ብሎ ቢመኝ፣ እንዳያሰለቿቸው ፈርተው እንደተውት፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) እንዳይሰለቹ ጊዜ እየመረጡ ይመክሯቸው እንደነበር ነገሩት። ለተማሪ የታሰበው ዕረፍት ለመምህሩም ይገባል። ደክሞ የገባ መምህር ድካሙን ለልጆቹ ያካፍላቸዋልና። የተኛችሁበት ሰዓት ከልጆቹ የተሰረቀ አይደለም፤ ጧት በፈገግታችሁ ትመልሱላቸዋላችሁ።

ቀጥሎ ጓደኛ ፈልጉ። ጓደኛ ስል ሻይ አብሮ የሚጠጣውን ሁሉ ማለቴ አይደለም። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሁለት ዓይነት ሰው ታገኛላችሁ። አንደኛው ከገባ እስኪወጣ የተማሪ ስም እያነሳ ይሳደባል፤ እገሌ ደንቆሮ፣ እገሊት ባለጌ ይላል። ከእርሱ ጋር ስትቀመጡ ለጊዜው ይቀልላችኋል፤ ወደ ክፍል ስትመለሱ ግን ልጆቹን በእርሱ ዓይን ታያላችሁ። ይህ ሐሜት ነው፤ የሚታማው ሕፃን በመሆኑም ይብሳል። ሁለተኛው ዓይነት ሰው ብዙም አያወራም። ስትጠይቁት ግን የተበላሸበትን ትምህርት ይነግራችኋል፤ «እኔም ትናንት እንዲህ ሆኖብኝ ነበር፤ ከዚያ ይህን ሞከርኩ» ይላል። የራሱን ስህተት የሚያሳያችሁን ያዙ። ኢማም አን-ነወዊና ሌሎች ዑለማዎች መፍትሔ ለመፈለግ ሲባል የሰውን ሁኔታ መናገር ከሐሜት እንደማይቆጠር አስረድተዋል። ስለዚህ «ይህ ልጅ አይሰማኝም፤ ምን ላድርግ?» ብሎ መጠየቅና «ይህ ልጅ የማይረባ ነው» ብሎ መፍረድ የተለያዩ ናቸው። አንደኛው በር ይከፍታል፤ ሌላው ይዘጋል።

ስትጠይቁም ጥያቄአችሁን አጥብቡት። «አቃተኝ» ብቻ ብትሉ እንደ እኔ ያለው ሰነፍ «ትለምደዋለህ» ብሎ ያመልጣል። «የጧቱን የመጀመሪያ ሩብ ሰዓት እንዴት ነው የምታስጀምሩት? መጥቼ ልይ?» ብትሉ ግን መልስ የማይሰጥ ሰው ጥቂት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በአዊ ምድር ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ በገጠር ትምህርት ቤት አንድ ሙስሊም መምህር ብቻውን ይሆናል። «ከእነርሱ ጋር ምን አለኝ?» ብሎ ራሱን ማግለል ትክክል አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከመካ ወደ መዲና ሲሰደዱ መንገድ የመራቸው ዐብዱላህ ኢብኑ ኡረይቂጥ ሙስሊም አልነበረም። መንገዱን የሚያውቅ፣ የሚታመን ሰው ነበርና ነፍሳቸውን አመኑት። ሃይማኖታችሁን ጠብቁ፤ መንገዱን የሚያውቀውን ሰው ግን አትሽሹ።

ለወላጆችና ለነባሮች

እናንተ ወላጆች! ልጃችሁ በሥራው የመጀመሪያ ዓመት ወደ ቤት ሲመጣ መጀመሪያ የምትጠይቁት ስለ ምንድን ነው? ስለ ደመወዙ ከሆነ ጥያቄውን ቀይሩት። ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ ቅዳሜ ቤት ስትደርስ ምጣዱና እንስራው የሳምንቱን ሥራ አጠራቅመው ይጠብቋታል፤ ወንድሟ ግን እንደ እንግዳ ይቀመጣል። ለነፍስም ሐቅ አላት ካልን ይህ የሚጀምረው ከማጀታችን ነው። የምታስተምረው ልጅ ወላጅ ከሆናችሁ ደግሞ ትምህርት ቤት የምትሄዱት ለክስ ብቻ አይሁን። አንድ ቀን «ልጄ ማንበብ ጀመረ፤ አላህ ይስጥሽ» ብላችሁ ተመለሱ። ይህ ቃል ምንም አያስወጣችሁም፤ አንዲት ወጣት ግን ለወር ያህል ትሰነብትበታለች።

እናንተም ነባር መምህራን! በወንፈል አጭዶ በወንፈል የሚወቃ ሕዝብ መካከል ነው የምንኖረው። ጤፉ ሳይረግፍ ሁሉም ለእያንዳንዱ ይደርስለታል። ዛሬ የእኔ፣ ነገ የአንተ ይባላል። እኛም እንደዚያው ነበርን፤ የሆነ ጊዜ ላይ አንድ ሰው ጠመኔ እንዴት እንደሚያዝ አሳይቶናል። ያ ብድር አለብን። ከባዱን ክፍል ለአዲሱ መስጠት ሥርዓት ሳይሆን ግፍ ነው። እስቲ በሚቀጥለው መስከረም ከባዱን እኛ እንውሰደው።

ወደ አባትየው ጥያቄ ልመለስ። ያን ቀን «ኢማኗ አልደከመም» አልኳቸው። «እስቲ አንድ ነገር ጠይቋት። በእነዚህ አራት ወሮች ስታስተምር ገብቶ ያያት ሰው አለ?» በሚቀጥለው ጁምዓ መልሱን ይዘውልኝ መጡ፤ «ማንም አላያትም።» አንገታቸውን ደፍተው ነበር። እኔም ደፋሁ። የእርሳቸውን ልጅ ሳስብ ያ የተተኮሰ ልብስ የሚለብሰው ልጅ ትዝ አለኝ።

በዚያው ሳምንት አባትየው ሱቃቸውን ዘግተው ልጃቸውን ይዘው ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዱ። ርእሰ መምህሩን አልከሰሱም። በትምህርት ቤቱ የቆዩ፣ አገውኛ አፋቸውን የፈቱበት አንድ ክርስቲያን ሽማግሌ መምህር እንዳሉ ሰምተው ነበርና ከእሳቸው ፊት ቆመው፣ «ልጄን አደራ» አሏቸው። ሽማግሌው መምህር ልጅቱን ወደ ክፍላቸው አስገብተው ከኋላ አስቀመጧት። እሳቸውም ሲያስተምሩ ልጆች ይንጫጫሉ፤ ያኔ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በአገውኛ እንቆቅልሽ ይጠይቃሉ። ክፍሉ ጸጥ ይላል። «ባባ፣ ለካ እሳቸውም ላይ ይንጫጫሉ!» ብላ ለአባቷ ነገረቻቸው። ከሁሉ በላይ ያቀለለላት ይህን ማየቷ ነው።

አሁን ጋሼ ትላቸዋለች፤ እሳቸውም ልጄ ይሏታል። በየሳምንቱ አንድ ቀን ተራ በተራ አንዱ የሌላውን ክፍል ያያል። በመምህርነቱ ትቆይ አትቆይ አላውቅም፤ ራሷም ገና አልወሰነችም። ደመወዙ ያው ነው፤ ብርዱም ያው ነው። ነገር ግን አባቷ እንደሚሉት አሁን ስለ ልጆቹ ስታወራ ስማቸውን እየጠራች ነው። መተውም ካለባት በሰላም አስባበት ትተወው እንጂ ተሰብራ አትተወውም።

አንባቢ ሆይ! አንተ ባለህበት ሥራ፣ አንቺም ባለሽበት ቤት፣ ዘንድሮ አዲስ የመጣ ሰው ማን ነው? ሲሠራ ገብቶ ያየው ሰው አለ? ይህን ጽሑፍ ካነበብክ በኋላ ነገ ጧት ወደ እርሱ ብትሄድና «ዛሬ አብሬህ ልሁን?» ብትለው፣ ለእኔም ከድሮው ጥፋቴ ጥቂት እንዳቀለልክልኝ እቆጥረዋለሁ።

አላህ (ሱ.ወ) የልጆቻችንን መምህራን ጉልበት ያድስልን፤ እኛንም ለደከመ ሰው የምንደርስ ያድርገን። ኣሚን።

ወላሁ አዕለም።